የተረሳው ሆስፒታል የመክፈቻ ምሽት

ወርቂቱ መጫወቻ ፓርኩ በር ላይ ቦርሳዋን ለጥበቃው ከፍታ እያሳየች ዓይኗ ግን ከትከሻው በላይ ሰው ይፈልጋል። ባሏን ክንፉን። ከክንፉም ይልቅ አብራው ያለችውን ሴት።

"አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ከኋላ ሰው እየጠበቀን ነው" አለቻት የእህቷ ልጅ ዮርዲ፣ ክንዷን እየሳበች።

"ይጠብቃ! እኔስ ሦስት ሳምንት ጠብቄ የለ?"

ነገሩ የጀመረው ከሸሚዝ ነው። ክንፉ "ፋብሪካው ወደ ናይት ሺፍት አዛወረኝ" ብሎ ማምሸት ካመጣ ወዲህ አንገትጌው ላይ ነጭ ነገር ይታይ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ከጆሮው ሥር ቀይ ቀለም። ወርቂቱ መጀመሪያ ስታየው ሸሚዙን አጥባ አሰጣችው፤ ሁለተኛ ስታየው አሸተተችው። ፓውደር! ፍሪሞንት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቆሞ የሚያድር ሰው ፓውደር ምን ይሠራለታል? ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ እርስ በርስ ያገናኘችው ዮርዲ ስለነበረች፣ የክንፉ ስልክ ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ እንድታሳያት ጠየቀቻት። ካርታው ላይ ስልኩ ያለበትን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ፍሪሞንት የለችም። ሳንሆዜ አጠገብ ያለው ትልቁ መጫወቻ ፓርክ ውስጥ ገብታ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አትልም።

"በሃምሳ አራት ዓመቱ ዥዋዥዌ አማረው እንዳትዪኝ ብቻ!" አለች ያን ዕለት። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ዛሬ በዓይኗ ካየች፣ ልብሱን በሻንጣ አድርጋ ከኦክላንዱ ቤታቸው ደጃፍ ልታስቀምጥለት ምላለች።

ፓርኩ ሃሎዊን ለሚባለው፣ አሜሪካኖች ጭራቅ መስለው ለሚያስፈራሩበት በዓል ያዘጋጃቸውን ማስፈራሪያዎች የከፈተው በዚህ ምሽት ነው። ገና ከመግባታቸው ጭስ ተቀበላቸው። ፊቱ የተገሸለጠ ሰው መጋዝ እያስጓራ ኮረዶች ያባርራል፤ ኮረዶቹ ጮኸው ይሸሹና እየሳቁ ይመለሱለታል። ሌላው በጉልበቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን በአካፋ ያፋጫል፤ ከአካፋው እሳት ይፈናጠራል።

"አበስኩ ገበርኩ! ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይደነግጣል? እኛ በነፃ ስንደነግጥ ኖረን!"

"ኢትስ ፈን፣ አክስቴ።" ዮርዲ ስልኳን አየች። "ጋሽ ክንፉ እዚያ ነው። ያ ቢልዲንግ ውስጥ።"

ሕንፃው "የተረሳው ሆስፒታል" ይባላል። አርባ ደቂቃ ተሰለፉ። ወርቂቱ የሚያልፉትን ሴቶች አንድ በአንድ መረመረች። ፈንዲሻ ሻጯን ተጠራጠረቻት። በር ላይ ቲኬት የምታየዋን፣ ከንፈሯን ደም ያስመሰለችውን፣ የባሰ ተጠራጠረቻት።

"ይቺ ትሆን?"

"አክስቴ! ሺ ኢዝ ላይክ ናይንቲን!"

"ዕድሜ ምን አገባው!"

ውስጡ ድቅድቅ ያለ ነው፤ ሰው ይቃትታል፣ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መጀመሪያው ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር እግሯን ሲነካት ዮርዲ እሪ ብላ ወደፊት ፈረጠጠች። ወርቂቱ ብቻዋን ቀረች። አሥራ አንድ ዓመት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት፤ ከፊቷ ያለው አልጋ ላይ የተረጨው የቀለም ደም ምንም አልመሰላት። ያበሳጫት የአንሶላው መጨማደድ ነው። ጎንበስ ብላ ጠርዙን ሳብ አደረገችው።

ይኼኔ ከአልጋው ሥር ነጭ ፊት ያለው ጭራቅ ተነሣባት።

"በስመ አብ!" አለች።

"ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለ ጭራቁ።

ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። በዚህ ምድር ላይ ስመ ሥላሴን ግማሽ ላይ ስታቆምበት የማይወድ፣ ሁልጊዜ ከአፏ ነጥቆ የሚጨርስላት አንድ ሰው ብቻ ነው።

"ክንፉ?"

"ወርቄ?"

"የት አለች?"

"ማን?"

"ባለ ፓውደሯ ናታ!"

ክንፉ የገዛ ጉንጩን ነካ። ጣቱ ነጭ ሆነ። "የኔ ነው፣ ወርቄ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንለማመድ እየቀቡኝ ነው። ከፋብሪካው ካስወጡን ሁለት ወር ሆነን።"

"ለእኔ? ለእኔ አትነግረኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጭራቅ ሆኖ ተቀጠረ ልበልሽ?"

ሴት የለችም። ወርቂቱ እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እራቱን እየቋጠረች "በርታ፣ እንቅልፍ እንዳይጥልህ" እያለች ስትሸኘው! ልታቅፈውም አማራት፣ በጥፊ ልትለውም አማራት።

ከመጋረጃው ኋላ ታብሌት የያዘች ወጣት ብቅ አለች። ወርቂቱ ከላይ እስከ ታች ገረመመቻት።

"አለቃዬ ናት" አለ ክንፉ በሹክሹክታ። "ወርቄ፣ በእናትሽ ሂጂልኝ። እስካሁን አንድ ሰው አላስጮህኩም። አንዱማ 'ሃይ' ብሎኝ አለፈ። በዚህ ከቀጠልኩ ነገ አትምጣ ነው የምትለኝ።"

ወርቂቱ አየችው። የተቀባው ፊቱ ላይ ላቡ መንገድ አውጥቶ ይወርዳል፤ ወገቡን ይዟል። ሴትዮዋ ታብሌቷ ላይ የሆነ ነገር ልትጽፍ ጣቷን አነሣች።

ወርቂቱ ቦርሳዋን ወርውራ ጮኸች። የማስመሰል ጩኸት አልነበረም። የሸሚዙን፣ የእራቱን፣ ሳትተኛ ያደረችባቸውን ሌሊቶች ሁሉ ጮኸችው። ጭራቁ ራሱ ደንግጦ አፈገፈገ። ቦርሳዋን አፋፍሳ እየጮኸች በመውጫው ሮጠች፤ ከኋላዋ "ዋው፣ ናይስ!" የሚል የሴት ድምፅ ሰማች።

ዮርዲ ደጅ ላይ ተቀበለቻት።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ያንቺ ድምፅ ነው? አር ዩ ኦኬ? ጋሽ ክንፉስ?"

"ሰልፉ በየት በኩል ነበር?" አለች ወርቂቱ፣ ትንፋሿ ገና ሳይመለስ።

"የምን ሰልፍ?"

"ተመልሰን እንገባለን። አሁን ግን እሪ ብለሽ እንዳትሮጪ፤ አልጋው ያለበት ክፍል ስንደርስ ነው የምትጮኺው።"