ያልተለካው ፒስተን

እስቲ ንገረኝ፤ ከታሸገ ካርቶን የወጣ አዲስ ዕቃ ለክተህ ታውቃለህ? አታውቅም። መካኒኩ ደጅይጥኑም አያውቅም ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ ከሚጠግኑት አንድም የሚያውቅ የለም። አሮጌ ዕቃ ይጠረጠራል፣ ይለካል፣ ይሰደባል። አዲሱ ግን ሙሽራ ነው። ካርቶኑ ባለቤቱ ፊት ይቀደዳል፣ ሁሉም «በደኅና ያሠራህ» ይላል፣ አለቀ። አዲስ ፒስተን ላይ መለኪያ ማሳረፍ ሻጩን በአደባባይ ሌባ እንደማለት ይቆጠራል። ሻጩ ደግሞ ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ ዘመድ፣ ወይ አበልጅ።

መለዋወጫ ሻጩ ቢሆነኝ የደጅይጥኑ አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት እሱ ነው። እንግዲህ ምንዋጋው የሚባል ወጣት ባጃጁን ሊያሠራ ሲመጣ፣ ደጅይጥኑ ፒስተን የሚመላለስበትን ያለቀ ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ወስዶ በግማሽ ሚሊሜትር አሰፋው፤ ስፋቱንም ደጋግሞ ለካ። ከቢሆነኝ ሱቅ የመጣውን ፒስተን ግን አልለካም። አናቱ ላይ የታተመውን ቁጥር አነበበ፣ አመነ፣ ገጠመ።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ከተማው በሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ድንገት ተጣበቀ። የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ አሉ፤ ባጃጁ ተገለበጠ። የምንዋጋው ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከተማው ለመፍረድ አልዘገየም። «አጥብቆ ገጥሞት ነው» አሉ። «ድሮስ አፉ እንጂ እጁ መች ይሠራል!» አሉ። የምንዋጋው አባት አቶ ካሤ ግን ወደ ክስ አልሄዱም፤ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹም በቄስ ገብረ አምላክ አፍ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ደጅይጥኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ «እንደ ሥራው ደንብ ለክቼ ነው የገጠምሁት» ብሎ ይማል። ከማለ እርቅ ይወርዳል። ካልማለ ጥፋተኛ ነው፤ በዚህ አገር ዳግመኛ መፍቻ አይጨብጥም።

«እምላለሁ!» አለ ደጅይጥኑ ደሙ ፈልቶ። «ሲሊንደሩን ደጋግሜ ለክቻለሁ፤ ምን ያስፈራኛል? እንዲያውም ኑ፤ አለካኩን በዓይናችሁ እዩ።»

የተጎዳው ፒስተን ተቧጭሮ ለመለካት አይመችም ነበር። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ቄሱንና አቶ ካሤን አስከትሎ፣ ማይክሮሜትር የሚባለውን ረቂቅ መለኪያ በሳጥኑ ይዞ ቢሆነኝ ሱቅ ገባ።

«አበልጄ፣ የምንዋጋው ፒስተን የወጣበትን ዓይነት ቢጫ ካርቶን አውጣልኝ።»

«አሁን ደግሞ የማንን እግር ልታስቆርጥ ነው?»

«አታሹፍ። አውጣ!»

ደጅይጥኑ አንዱን ፒስተን በጨርቅ ጠርጎ ወገቡ ላይ መለኪያውን አሳረፈ። መለኪያውን ጠርጎ ደገመው። ሌላ ካርቶን ቀደደ። ሌላም። የታተመባቸው ቁጥር አንድ ነው፤ ልካቸው ግን አንዱም ከአንዱ አይገጥምም።

«ምን አገኘህ?» አሉ ቄሱ።

«አባ... በሲሊንደሩና በፒስተኑ መካከል አንድ ሚሊሜትር መቶ ቦታ ቢከፈል አምስቱን ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ብረት ሲሞቅ ያብጣል፤ የሚያብጥበት ቦታ እሱ ነው። ይኸኛው ያን ቦታ በልቶታል፣ ጨርሶታል ማለት ይቻላል። ያኛው ደግሞ ውስጡ ይንቀዋለላል። ግን ይዩት፣ ቁጥራቸው አንድ ነው!»

«ትርፉ በፀጉር ቢለካ ስንት ነው?» አሉ አቶ ካሤ።

«የአንድ ፀጉር ግማሽ ቢሆን ነው።»

አቶ ካሤ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ በአማርኛ፣ «በግማሽ ፀጉር የልጄ እግር ሄደ?» አሉ።

«መለኪያህ ተበላሽቶ ይሆናል!» አለ ቢሆነኝ።

ደጅይጥኑ ከሳጥኑ ልኩ የታወቀ ማመሳከሪያ ብረት አውጥቶ ለካ። መለኪያው ቅንጣት አልተዛነፈም።

«እኔ ፋብሪካ አይደለሁ! ከአስመጪው ታሽጎ መጣ፣ እንደታሸገ ሸጥሁ። አንተስ? ለምን ሳትለካ ገጠምህ?»

ደጅይጥኑ መለኪያውን አስቀመጠ። እሑድ ሊምል ነበር። በሐሰት፣ ያውም ሐሰት መሆኑን ሳያውቅ! «የአበልጄን ዕቃ ልለካ? እሺ ትለኝ ነበር?» አለ።

ቢሆነኝ ዓይኑን ሰበረ። «እቀየምህ ነበር» አለ።

«እኔም አለሁበት» አሉ ቄስ ገብረ አምላክ። «ምንዋጋው ካርቶኑን ይዞ ሲመጣ ጠበል ረጭቼበታለሁ። ባረክሁት እንጂ አልለካሁት።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር። «ከዚህ ዕቃ ለማን ለማን ሸጠሃል?» ሲል ደጅይጥኑ ጠየቀ።

«ማን ያስታውሳል? ወደ አምደወርቅ የወሰዱ አሉ። ወደ ጋዝጊብላም።»

በዚያች ቅጽበት ተማሪ የጫነ ባጃጅ እየተንደቀደቀ በበሩ አለፈ። አራቱም ዞረው አዩት። ቁጥር ማተም ልክ መሥራት የሚመስለው ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው? አስመጪውስ ሣጥን ሲቆጥር ከውስጡ አንድ እንኳ አንስቶ የማይለካው፣ ቁልቁለት የሚወርደው የሌላ ሰው ልጅ ስለሆነ ነው?

እሑድ ደጀ ሰላሙ በሰው ተጨናንቋል። ምንዋጋው በቃሬዛ መጥቶ ጥላ ሥር ተኝቷል። ደጅይጥኑ መካከል ቆመ።

«አልምልም» አለ። ሕዝቡ ተንጫጫ። «ሲሊንደሩን ለክቻለሁ፤ ፒስተኑን ግን የታተመበትን ቁጥር አምኜ አልለካሁም። ጥፋቴ ይህ ነው። ምንዋጋው፣ አንተም አቶ ካሤም የፈረዳችሁብኝን እቀበላለሁ።»

ምንዋጋው በክርኑ ቀና አለ። «አንተ እንኳ ቆመህ ተናገርህ» አለ። «ይህን ዕቃ ያስመጣውስ?»

ደጅይጥኑ ሦስቱን ፒስተኖች ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ከፍ አደረጋቸው።

«ቢሆነኝ፣ ለአስመጪህ ደውል! በስልክ ይቅርታ አንፈልግም፤ ሌላ ካርቶን ልኮ አያታልለን። መጥቶ እዚህ፣ እግሩ የተቆረጠው ሰውና ይህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይቁም። ቁጥራቸው አንድ፣ ልካቸው ሦስት የሆኑትን እነዚህን ማን ለካቸው? ማንስ ደኅና ናቸው ብሎ አሳለፋቸው? ሁላችንም እየሰማን ይመልስ!»