ዘጠና ሁለተኛው ወረቀት

«ዘጠና ሁለቱም አሉ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ አምሐ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት። የሰኔ ጭቃ ካልሲያቸው ድረስ ዘልቋል።

ሸዋዬ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ሳትነሣ ራሷን ነቀነቀች። ባሏ መምህር አገኘሁ ሰኞ ማለዳ በወባ ሞተ፤ ማክሰኞ ተቀበረ። ዛሬ ረቡዕ ነው። የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ወረቀቶች አልጋው ሥር በካርቶን ውስጥ ናቸው።

«ውጤቱ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ አውራጃ መድረስ አለበት። የወደቁት ስም በዚያው ለቀበሌ ይተላለፋል። መቼም ያውቁታል።»

ታውቃለች። እሷም ሐይቁ ዳር ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች። ሒሳብ ከሃምሳ በታች አምጥቶ የወደቀ ይሰናበታል። የተሰናበተውን ብሔራዊ ውትድርና ይወስደዋል።

«በእርሳስ ደምሮ ጨርሶታል አሉኝ። እኔው እገለብጠዋለሁ፤ እርስዎ አይቸገሩ።»

«እርሳሱ እኮ ውጤት አይደለም፣ አቶ አምሐ።»

አገኘሁ መጀመሪያ በእርሳስ ያርማል። ወረቀቱን አንድ ቀን ያሳድርና በማግሥቱ እንደገና ከላይ እስከ ታች አይቶ በቀይ ያጸናዋል። «አርባኛው ወረቀት ላይ ሰው ይናደዳል» ይል ነበር፤ «አርባ አንደኛው ልጅ ምን አጠፋ?» አሁን ቀይ ያረፈባቸው ሠላሳ አንድ ወረቀቶች ብቻ ናቸው። ከሃምሳ ስምንተኛው ጀምሮ የእርሳሱ ጽሑፍ ይንቀጠቀጣል። ትኩሳቱ የያዘው እዚያ ላይ ነው።

«የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች። «መልሱን የሠራበት ደብተር አለ።»

«በሐዘን ላይ ሆነው?» አቶ አምሐ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ብቻ አንድም እንዳይጎድል። ውጤቱ ያልተሞላ ልጅ እስከ መስከረም ይቆያል፣ እንደገና ይፈተናል፤ የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው ዋለ። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ከሸዋዬ ጋር ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ንፍሮ ይዞራል። «እግዜር ያጥናሽ» ይሏታል፣ «አሜን» ትላለች፣ ከነጠላዋ ሥር ያለውን ወረቀት ትገልጣለች።

የአገኘሁ ታላቅ እህት ውዴ መታገሥ አቃታት። «ሰው ሲሞት ይለቀሳል እንጂ ይታረማል?»

«ደንግጣ ነው፣ ተያት» አለች አንዷ ጎረቤት።

«የደነገጠ ሰው መደመር ይችላል?»

ሸዋዬ እየደመረች ነበር።

የክብ ጥያቄ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ያን ትምህርት ሲሰጥ በትምህርት ቤቷ መስኮት አይታዋለች። ለአርባ አምስት ሰው በተሠራው ክፍል ዘጠና ሁለት ልጆች ተጨናንቀው፣ መጽሐፉም ዐሥራ ስምንት ብቻ ሆኖ ነበርና፣ አሰልፎ ወደ ጣና ዳር አወጣቸው። እያንዳንዱ ገመድ ከችካል አስሮ አሸዋው ላይ ክብ አሠመረ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አቁሞ «መምህር፣ ምን ጠፋብዎ?» ሲል ጮኸ። «ማዕከሉ!» አለ አገኘሁ። ዘጠና ሁለቱ ሳቁ። እሷም መስኮቱ ላይ ሆና ሳቀች።

ከቀትር በኋላ አንዲት የማያውቋቸው ባልቴት እያለቀሱ ገቡ፤ ከዱርቤቴ በአውቶቡስ የመጡ ናቸው። ወለተ ሩፋኤል ነኝ አሉና ከሸዋዬ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ወረቀቶቹን ሲያዩ ልቅሷቸው ድንገት ቆመ።

«ጀርባውን አይተሻል፣ ልጄ?»

ሸዋዬ ቀና አለች። «ምን አሉኝ፣ እማማ?»

«የወረቀቱን ጀርባ። ክንዱ የሚባለው ልጄ መልሱ በጀርባው በኩል ነበር።»

ውዴ የንፍሮውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ባልሽ ልጄ የተፈተነ ዓመት ተጣድፎ በአንድ ቀን አረመው። ክንዱ አርባ ሰባት አመጣ ተባለና ወሰዱት። መስከረም ላይ ባልሽ ወረቀቱን ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። እግሬ ላይ ወደቀ። ጀርባው ላይ ስድስት ነጥብ ነበር፣ ሳላይ ቀረሁ አለኝ። እኔ ፊደል የት አውቄ? ረገምሁት። ውሻ ለቀቅሁበት።»

«ከዚያስ?»

«በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የክንዱን ደብዳቤ የሚያነብልኝ አልነበረኝም፤ ያነብልኛል፣ መልሱን ይጽፍልኛል። ከኅዳር ወዲህ ደብዳቤ ጠፋ። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ እጁን ይመጣል፤ አብረን እንቀመጣለን።»

ሸዋዬ የቅዳሜዎቹን ጉዞ ታውቃለች። «የተማሪ ቤተሰብ ልጠይቅ ነው» ይላት ነበር፤ ሌላ አልጠየቀችውም። እርሳሱን የጀመረው መቼ እንደሆነ አሁን ቆጠረች፤ ልክ ከዚያ መስከረም ወዲህ ነው። ያረመቻቸውን ወረቀቶች ሰብስባ ከሠላሳ ሁለተኛው እንደገና ጀመረች። ውዴ የንፍሮውን ሳህን አንሥታ ቦታ ለቀቀችላት።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ወረቀት ቀራት። የሚንቀጠቀጠው እርሳስ የጣላቸው ሰባት ልጆች ከሃምሳ በላይ ወጥተዋል። ሁለት ልጆች ነጥብ ተቀንሶባቸዋል፤ ቢሆንም አልወደቁም። የመጨረሻው ወረቀት የአንዳርጋቸው የሚባል ልጅ ነው፤ በእርሳስ አርባ አራት ይላል። አምስት ነጥብ አገኘችለት። አርባ ዘጠኝ። እንደገና ደመረች። አርባ ዘጠኝ። አንድ ነጥብ ከየት? አገኘሁ ያልተሠራ ነጥብ ሰጥቶ አያውቅም፤ እሷም በእሱ ስም አትሰጥም። ከውጭ የአቶ አምሐ ድምፅ ተሰማ።

እዚያው ያደሩት ወለተ ሩፋኤል እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ገለበጡት። ባዶ ነው። በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ምንም የለም?»

«ምንም የለም፣ እማማ።»

መልሰው ገለበጡት፤ ደግመው ጀርባውን አዩ።

አቶ አምሐ ገቡና ከፍራሹ ፊት ቁጢጥ ብለው ቆጠሩ። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ እንደገና ቆጠሩ። «ዘጠና አንድ ናቸው። አንድ ይጎድላል፣ ወይዘሮ ሸዋዬ።»

ሸዋዬ ቀዩን እስክሪብቶ ከደነችው።

«እሱ ገና እርሳስ ነው» አለች። «እስከ መስከረም ይቆይ።»

ወለተ ሩፋኤል ወረቀቱን ፍራሹ ላይ አስተካክለው አነጠፉት። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡና በላዩ ተቀመጡበት፤ ነጠላቸውንም እስከ እግራቸው ድረስ ሳቡት።