መስመር ረጋጩ

ሮዌና ታክ ሜዳውን አቋርጣ ስትመጣ ሄድሊ ፕሩት ወደ ሻይ ድንኳኑ ሊሸሽ ዞሮ ነበር። ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ደረሰችበት።

«ሚስተር ፕሩት፣ የኔን መስመር እርስዎ ይርገጡልኝ።»

«እኔ? ክሌመንት አለ አይደል እንዴ።»

«የክሌመንት እግርማ ጎማ ነው። ጠጠር ቀርቶ ጡብ ቢረግጥ አይሰማውም።» ሳቀች። «ደግሞ የማሽኔን መዘውር ያገኘሁት በእርስዎ ነው። እርስዎ ቢረግጡልኝ ደስ ይለኛል።»

ሄድሊ እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል?

የጥንት የእጅ ሣር ማጨጃ ሰብሳቢዎቹ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ እንግሊዝ አገር ከስትራውድ ከተማ በላይ ባለችው መንደር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ይገናኛሉ። ደንባቸው ጥብቅ ነው። የማያጭድ ማሽን ሐውልት ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ የመጣው ሁሉ ሃያ እርምጃ የሚሆን አንድ መስመር ሣር ማጨድ አለበት። ከዚያ በፊት ግን ከባለቤቱ ሌላ የሆነ አባል ጫማና ካልሲውን አውልቆ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይረግጣል። መቶ ስልሳ ዓመት የሆነው ብረት የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠጠር አይችልም፤ ዓይን የሳተውን ደግሞ የእግር መዳፍ ያገኘዋል። ረጋጩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይዞርና «ንጹሕ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሄድሊ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ስንቱን መስመር እንደረገጠ አያስታውስም። በሐሰት ንጹሕ ነው ያለበት ጊዜ ግን የለም።

ማሽኖቹ የተወለዱት እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው። ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፉን ፀጉር የሚላጨውን ባለ ስለት በርሜል ያየ አንድ መካኒክ፣ ይሄ ነገር ሣርስ ለምን አይላጭም ብሎ በ1830 ሠራው። እሱን ያዩ ብረት አቅላጮች ደግሞ የየራሳቸውን አወጡ። አብዛኞቹ ማሽኖች በጦርነቶቹ ዘመን ለቁርጥራጭ ብረት ተሰብስበው ቀለጡ። ባርንፊልድ የሚባለው ትንሽ ማቅለጫ ከሠራቸው ውስጥ ማኅበሩ የሚያውቃቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የሄድሊ ነው፣ ሌላው የሮዌና። አውቶቡስ ነጂዋ ሮዌና የሷን ያገኘችው አንድ ገበሬ ጓሮ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው፤ ዶሮዎቹ እጀታው ላይ ያድሩበት ነበር። ከመሬት ጋር የሚሽከረከረው ከባዱ መዳመጫና ከሱ ጋር አንድ ላይ የፈሰሰው ትልቁ ባለ ጥርስ መዘውር አንድም ጥርስ ሳይጎድል ተርፈዋል። የጠፋችው ስለቱን የምታዞረው ትንሿ መዘውር ብቻ ነበረች።

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ሚስቱ ኢኒድ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ትነግራታለህ?»

«መዘውሯ ትይዝላት ይሆናል።»

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያለውን አቧራ ስጠርግ፣ አንድ ቀን ይናገራል እያልኩ ነው።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«መስማታቸውስ ነው የሚበጀው» አለች ኢኒድ፣ ድምጿን ግን ዝቅ አድርጋ።

ሄድሊ ማሽኑን በ1978 ሲገዛ ትንሿ መዘውር ሦስት ቦታ ተሰብራ ነበር። ቁርጥራጮቹን በሙጫ አጣብቆ ወደ ብረት ማቅለጫ ወሰዳት፤ እሷኑ አሸዋ ላይ አትመው፣ በቅርጿ ብረት አፍስሰው ሰጡት። የአውቶቡስ ጠጋኝ እንጂ የማቅለጫ ሰው አልነበረም። የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር፣ ለዚያም አስቀድሞ ቅርጹን ማስፋት እንደሚገባ አያውቅም፤ አዋቂ መስሎ ስለገባ ለመጠየቅ አፈረ። አዲሷ መዘውር አንሳ ወጣች። ገጿ ሸካራ ስለነበር ደግሞ በሞረድ ሲያለሰልሳት ጥርሶቿ ይበልጥ ሳሱ። ጥርሶቿ አልያዝ ሲሉት የራሱን ማሽን የብሎን መያዣ ቀዳዳዎች ሞርዶ አሰፋና ወደ ትልቁ መዘውር አስጠጋት። ከዚያ ጨው ነስንሶ የባቄላ መደብ ውስጥ ቀበራት። በጸደይ ሲያወጣት የመቶ ዓመት አሮጊት መስላለች። ማሽኑ አጠገብ የሚቆመው ካርድ ያኔም ዛሬም «ሁሉም ነገር የጥንቱ» ይላል።

ባለፈው ጥር ሮዌና ኬክ ይዛ በራፉ ላይ ቆመች። ለአንድ ሳምንት የማሽኑን ትንሿን መዘውር ቢያውሳት በቅርጿ እንደምታሠራ ነገረችው። ያኔ መናገር ይችል ነበር። ኢኒድ ከኋላው ቆማ ማጅራቱን ስታየው ይሰማዋል። እሱ መፍቻ አንስቶ ብሎኑን ፈታና ሰጣት።

የሮዌና አቅላጮች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። መኮማተሩን አስልተው፣ የሄድሊን መዘውር ቁርጥ የምትመስል አወጡላት። ስሕተቷንም ጭምር። የሮዌናን የመያዣ ቀዳዳ ደግሞ ማንም አልሞረደውም። ስለዚህ ጥርሶቹ በጫፍ በጫፋቸው ብቻ ተነካክተዋል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ ሲገፋ ይንሸራተታሉ፤ ከተንሸራተቱ የትልቁ መዘውር ጥርሶች እንደ ብስኩት ይረግፋሉ። እነሱን የሚተካ በዓለም ላይ የለም።

ሄድሊ አጎንብሶ ካልሲውን ሲያወልቅ አግዳሚው አጠገብ ካለው የጠጠር መንገድ ዳር አንድ ስለታም ጠጠር አነሳና ኪሱ ከተተ። ለምን እንዳነሳት ራሱን አልጠየቀም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክሌመንት ያርድሊ በሮዌና ማሽን ላይ የወረቀት ፈተናውን ጀምሯል። ጋዜጣ ቀዶ ስለቱ መሐል አስገባ፣ በእጁ በርሜሉን አዞረ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ተቆረጠ። ሰው አጨበጨበ። ማሽኗ ፈተናውን ትወድቃለች ብሎ ሲጠብቅ የነበረው ሄድሊ ብቻ እጁን አላነሳም።

«ትንሽ ትንኮሻኮሻለች» አለ ክሌመንት ጆሮውን አስጠግቶ። «ያንተዋስ እንዲህ ናት?»

«ትንሽ፣ አዎ» አለ ሄድሊ።

«እንግዲያው የባርንፊልድ ጠባይ ነው።» ክሌመንት ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ሄድሊ መስመሩ ላይ ወጣ። ሣሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ተረከዝ፣ ከዚያ መዳፍ፣ ከዚያ ጣት፤ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ረገጠ። ሥር ነካ፣ ቀንድ አውጣ ነካ። ጠጠር የለም። አሥራ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ቆመና አጎነበሰ። ሲነሳ ጠጠሯ መዳፉ ላይ ነበረች።

«ይቺን አግኝቻለሁ።»

ክሌመንት ተቀብሎ አገላበጣት። «የመንገዱ ጠጠር ናት። አንዱ በጫማው ይዟት የገባ ይሆናል። በቃ፣ ጎን ያለውን መስመር እንውሰድ።»

ሄድሊ ይሄን አላሰበም። ጠጠር ከተገኘ ማጨዱ ይቀራል ብሎ ነበር።

ሮዌና መጥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «አየህ ክሌመንት? ባንተ እግር ቢሆን አልቆልኝ ነበር። ሚስተር ፕሩት፣ ማሽኔን አተረፉልኝ።»

የያዘችው ጠጠሯ የነበረችበትን እጅ ነው። መዳፉ አሁንም የመንገዱ አቧራ አለበት።

ሁለተኛው መስመር ላይ ወጣ። ሮዌና እጀታውን ጨብጣ፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ተክላ ትጠብቃለች። ሄድሊ እግሩን አሳርፎ ያነሳል፤ የረገጠው ምን እንደሆነ ግን አይሰማውም። መጨረሻው ላይ ደረሰ። ዞረ።

«ሄድሊ?» አለ ክሌመንት።

ኢኒድ አግዳሚው ላይ ጫማውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ሄድሊ፣ ንጹሕ ነው?»

ሄድሊ አንገቱን ወደ እግሩ ደፋ። ሮዌና መልሱን ያገኘች መስሏት ደረቷን ወደ እጀታው ጣለች። መዳመጫው አንድ ጣት ያህል ተንቀሳቀሰ፤ መዘውሮቹ ቀጭ አሉ።

«አትግፊ» አለ ሄድሊ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን ቆመች። «መስመሩ ንጹሕ ነው። መዘውሯ ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት።»

«የቷን?»

«የኔን። አንቺ ያስገለበጥሻትን። የጥንት አይደለችም። ስትቀዘቅዝ ተኮማተረች፣ ከዚያ ሞረድኳት። ለማሽኔ እንድትስማማ ቀዳዳውንም ሞረድኩ። ያንቺ አልተሞረደም። ብትገፊው ትልቁ ይረግፍብሻል።»

ሮዌና እጀታውን ለቀቀች። ተንበርክካ ከመደረቢያ ኪሷ የጋዜጣ ቅዳጅ አወጣችና በሁለቱ መዘውሮች መሐል አስገባች። አንድ ጊዜ አጠፈችው፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፤ አሁንም በቀላሉ ገባ። ሳትነሳ ጠየቀች።

«ዝገቷስ?»

«ጨው። ባቄላ መደብ ውስጥ አንድ ክረምት ቀብሬያት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ ጀምሮ ተወው።

«ጥር ላይ ኬክ ይዤ በራፍዎ ላይ ቆሜ ነበር እኮ።»

«ነበርሽ።»

«ኬኩን በሉት?»

«በላነው» አለ ሄድሊ።

ክሌመንት ደብተሩን አውጥቶ የጻፈውን ገጽ አየው፣ ከዚያ ቀዶ አጠፈው። «የመጀመሪያዪቱ የት አለች?»

«ቤት። ሙጫው ለቋል፤ ሦስቱም ቁራጭ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ከነሱ ላይ ልኳ ሊወሰድ ይችላል።» ወደ ሮዌና ዞረ። «ዛሬውኑ አመጣልሻለሁ።»

«እርስዎ አያመጡም። እኔ መጥቼ እወስዳለሁ።»

መዳመጫው እንዳይዞር ማሽኑን በእጅ ማንሳት ነበረባቸው። ሮዌና በአንድ ወገን ያዘች፣ ክሌመንት በሌላው። ሄድሊ እጀታውን ለመደገፍ አንድ እርምጃ ሲጠጋ፣ «ይተዉት» አለች። ተወው።

ወደ ራሱ ማሽን ሄዶ መፍቻውን አወጣ። ብሎኑ በጥር ስለተፈታ አላስቸገረውም። መዘውሯን አውልቆ ያዛት፣ ካርዱን አንስቶ በደረት ኪሱ ከተተ። የሚያየው ሰው ያያል፤ ቀና ብሎ ለማረጋገጥ አልፈለገም።

ኢኒድ መጥታ ጫማውን እግሩ ሥር አስቀመጠች።

«እግርህ ረጥቧል፤ አድርግ።»

«ቆይ።»

ቀጣዩ ባለ ማሽን ሩፐርት ግሌድ የሚባል ጡረተኛ ፖስተኛ ነበር። ረጋጭ ፍለጋ ዓይኑን በሰዉ ላይ አዞረ። ሄድሊ ላይ ደርሶ ቆም አለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መስመሩን የረገጠለት ሄድሊ ነው። ከዚያ ዓይኑን ከጎኑ ወዳለችው ሴት አሻገረ።

«ኢኒድ፣ ትረግጪልኛለሽ?»

ኢኒድ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም መስመር ረግጣ አታውቅም። ባሏን አላየችውም። በትከሻው ተደግፋ አንዱን ጫማ አወለቀች፣ ከዚያ ሌላውን፣ አስያዘችውና ወደ ሣሩ ገባች። ሄድሊ በአንድ እጁ የሷን ጫማ፣ በሌላው ትንሿን መዘውር ይዞ፣ ባዶ እግሩን ቆሞ ጠበቀ። ቀስ ብላ ረገጠች፤ ማንም እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲረግጥ አይቶ አያውቅም። ጫፉ ላይ ስትደርስ አልዞረችም። አንድ እርምጃ ተመለሰችና ያንኑ ቦታ ደግማ ረገጠችው።

«አሁን ንጹሕ ነው» አለች።