መቶ ሃያ አምስት ቀብር

ኦዴራ ሁለቱን መኪኖች እየዞረ ሲያይ ይህ አራተኛ ቅዳሜው ነው። ናይሮቢ፣ ንጎንግ መንገድ ላይ ባለ የመኪና መሸጫ ግቢ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከፍታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ የተሠሩበት ዓመት አንድ። አንደኛዋ ቤንዚን ብቻ ትበላለች፤ ሌላዋ ባትሪም ያላት ሃይብሪድ ናት። ሃይብሪዷ በአምስት መቶ ሺሕ ሽልንግ ትወደዳለች።

"ኦሜራ" አለው ሻጩ። ራሱ ከሉኦ ብሔረሰብ ባይሆንም ሉኦ ገዢ ሲያገኝ በቋንቋቸው "ወንድሜ" ብሎ መጥራት ይወዳል። "መንገድ ሲዘጋጋ ሞተሯን ራሷ ታጠፋለች። ማደያ ያሉት ልጆች መልክህን ይረሱታል።"

"መንገድ ሲዘጋጋ እኔ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ነኝ። ሥራ በመኪና አልሄድም።"

"ታዲያ መኪና ለምንህ ነው?"

"ለቀብር።"

ሻጩ ኦዴራ ትከሻ ላይ የጣለውን እጁን ቀስ ብሎ አነሳ።

ኦዴራ መቀለዱ አልነበረም። የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ሳምንቱን የሰው ደም ሲመረምር ይሰነብትና ዓርብ ሲደርስ የሞተ ዘመድ ተከትሎ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ትውልድ አገሩ ሲያያ ይነዳል። ናይሮቢ የሞተ ሉኦ ናይሮቢ አይቀበርም። ቅዳሜ ቀብሮ እሑድ ይመለሳል፤ ሰኞ ዓይኑ እየተከደነበት ማይክሮስኮፑ ላይ ይደፋል። አሮጌዋ መኪናው ባለፈው ወር ከአክስቱ ቀብር ሲመለስ ናኩሩ ላይ ሞተች። ወደ አገሯ ሳትወሰድ የቀረች እሷ ብቻ ናት።

ሚስቱ አኬዮ ማታ ለእራት የሚሆነውን ደቃቅ ዓሣ እየለቀመች ጠበቀችው።

"የአፒዮ አባት፣ እስቲ አስላው። የዘመድ ቀብር ኮሚቴው በየቀብሩ ለነዳጅ አሥራ ሁለት ሺሕ ይሰጥሃል። ሃይብሪዷ ስንት ትበላለች?"

"ደርሶ መልስ ስምንት።"

"አራት ሺሕ ይተርፍሃል። አምስት መቶ ሺሑን ለአራት ሺሕ አካፍለው።"

ኦዴራ በስልኩ አካፈለ። መቶ ሃያ አምስት።

"መቶ ሃያ አምስት ሰው ይሙትልህ?"

"ዘመድ ሞልቶን የለ?"

"ሞልቶናል፤ ግን አይቸኩሉም። በዓመት አሥር ቢሞቱ እንኳ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ነው። እስከዚያ ባትሪውም ይቀበራል።"

አምስት መቶ ሺሑ ለጣሪያ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር። አገር ቤት የጀመሩት ቤት ግድግዳው ቆሞ ሦስት ክረምት ተደብድቧል። በሉኦ ወግ ሰው የሚቀበረው በራሱ ግቢ ነው፤ ግቢ ሳያቀና የሞተ ሰው የት እንደሚያርፍ ሽማግሌዎች ሲጨቃጨቁ ኦዴራ ስንቴ ቆሞ ሰምቷል። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው።

ቢሆንም ልቡ ሃይብሪዷ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀብር ገንዘቡን ሲወስድበት ኖሯል፤ አሁን በያንዳንዱ አራት ሺሕ ሊያስቀርለት ነው። ሰኞ ጠዋት እከፍላለሁ ብሎ ተኛ።

እሑድ ከሰዓት የአጎቱን ልጅ ለመቅበር የተቋቋመው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነበር። ገንዘብ ያዧ ማማ ፊሊስተር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

"ኦዴራ፣ መኪናህ ሞተች አሉ። ነፍስ ይማር። ዓርብ በምን ትመጣለህ?"

"አዲስ እየገዛሁ ነው" አለ። እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ነገር ግን አዲስ ነገር ይዞ በለሆሳስ የሚናገር ሰው በዚያ አዳራሽ ታይቶ አይታወቅም። ድምፁን ከፍ አደረገና "ሃይብሪድ!" አለ።

ተጨበጨበለት። ማማ ፊሊስተርም ከስሙ ፊት የነበረውን አሥራ ሁለት ሺሕ ሰርዘው ስምንት ጻፉ።

"ምነው ማማ?"

"ያ ዘመዳችን ዎውርም በሃይብሪዱ ሲመጣ ስምንት ነው የሰጠነው። በሐዘን ማን ያተርፋል፣ ልጄ? ደግሞ ነዳጁ አይከብድህም፤ ከመዘምራኑ አራቱን ሴቶች አንተ ታመጣለህ።"

አንዷ ዘማሪ "እኔ ከፊት!" አለች።

ኦዴራ አምስት መቶ ሺሕን ለዜሮ ለማካፈል ስልኩን አላወጣም። በሐሳቡ ያየው ገና ያልተመታውን የቤቱን ጣሪያ ነው። ያጨበጨበለትን ሕዝብም አየ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቃሉን ከሚያጥፍ ጣሪያውን ይተው ነበር። ዛሬ ግን ለማፈርም አቅም አጣ።

"ማማ፣ ገና አልከፈልኩም። ቤንዚን በሉና ጻፉ።"

"አሁን ሃይብሪድ አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ጭብጨባችንን መልስ!" አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ ሐዘኑን ረስቶ ሳቀ። ማማ ፊሊስተር ሳይስቁ ስምንቱን ሰርዘው አሥራ ሁለቱን መለሱ። አራቱ ሴቶች ወንበራቸውን አንሥተው ዎውር አጠገብ ሄዱ።

ደጅ ወጥቶ አኬዮ ጋ ደወለ።

"ቆርቆሮውን እዘዢ።"

"ሃይብሪዷስ?"

"ለኮሚቴው ነበር የምገዛት ለካ።"

"የቆርቆሮው ቀለም ምን ይሁን? አረንጓዴው ያምራል፤ ግን ይወደዳል።"

"የሚረክሰውን።"

"የአፒዮ አባት፣ ተናደሃል?"

"ደክሞኛል" አለና ማታቱ ሊሳፈር ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ።