ሁለተኛ ትራምፔት

ሙህዲን አብዶ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ኖሮ፣ ባንዱን የጫነው መኪና ተገልብጦ የፊት ጥርሶቹን ሲያጣ በክብር ተሰናብቶ አገሩ ከሚሴ ገባ። ትራምፔት የሚነፋው በከንፈር ነው ይባላል። ከንፈርን ከኋላ ደግፎ የሚይዘው ጥርስ መሆኑን የሚያውቀው ግን ያጣው ሰው ነው። ሙህዲን ከዋናው መንገድ ዳር ማሾና ቡታጋዝ የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። የከተማው ሰው «ሙህዲን ጥሩምባ» አለው። እሱም አልተቆጣም።

ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። ባንዱ ውስጥ ይነፋ የነበረው ሁለተኛ ትራምፔት ነው። አንደኛው ዜማውን ይነፋል፣ ሁለተኛው ከሥር ገብቶ ያጅበዋል። አብረው ሲሰሙ ያምራል። ሁለተኛው ለብቻው ሲሰማ ግን መነሻውም መድረሻውም አይታወቅም። ገና ወታደር ሳለ አንድ ጊዜ በፈቃድ ሲመጣ፣ እናቱ ረቢአ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ «እስቲ በንጉሡ ፊት የምትነፋውን ንፋልን» አለችው። ነፋ። እናቱ በትዕግሥት አዳምጣ ስታበቃ፣ «ማሻ አላህ። መቼ ነው የሚጀመረው?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ነፍቶ አያውቅም።

አምስተኛው የአብዮት በዓል በተቃረበበት ክረምት፣ የከተማው የባህልና የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ሲራጅ ፖስታ ይዞ ወደ ሱቁ መጣ። ሲራጅ ቀድሞ የስፖርት አስተማሪ ነበር። መልካም ሰው ነው፤ ብቻ ከላይ የመጣ ወረቀት ይፈራል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ወረቀት የሚፈራ ሰው ምክንያት አላጣም።

«ጓድ ሙህዲን፣ ኖታ ታነባለህ አሉኝ። ለበዓሉ ክፍለ ሀገሩ በሙሉ አንድ መዝሙር ይዘምራል። የከሚሴ ኪነት ቡድን የሚያጠናው ይኸው።»

ሙህዲን እጁን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። ኖታ ካየ ብዙ ዘመኑ ነው። ከላይ ከግራ በኩል በትንሹ «2ኛ ትራምፔት» ይላል።

«ጓድ ሲራጅ፣ ይሄ ዜማው አይደለም። ይሄ የአጃቢው ድርሻ ነው። ዜማው ሌላ ወረቀት ላይ ነው ያለው።»

«ሌላ ወረቀት አልመጣም።»

«እንግዲያው ረስተውት ነው።»

«አይረሱም» አለ ሲራጅ። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ደሴ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነው፣ አንደኛ ነው። እኛ ከዚያ ቀጥለን ነን። ስለዚህ ሁለተኛውን ላኩልን። ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?»

«ለምን ጽፈን አንጠይቅም?»

«አምና አንድ ጓድ የባንዲራው ስፋት ምን ያህል ይሁን ብሎ ጽፎ ጠይቆ ነበር።»

«ምን ብለው ጻፉለት?»

«አልጻፉለትም። ጠርተው ነው የነገሩት።»

ስለ ደብዳቤ ሌላ ቃል አልተነሣም።

ሲራጅ ሲሄድ ሙህዲን የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ወረቀቱን በለሆሳስ አዜመው። ጥሩ ድርሻ ነበር፤ የጻፈው ሰው ሥራውን ያውቃል። ያንን ያህል ዘመን ከሌላ ሰው ድምፅ ሥር ኖሮ፣ አሁን አንድ ከተማ በሙሉ ሁለተኛውን ሊዘምር ነው። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ልክ እንዳልሆነ ቢያውቅም ደስታው አልቀነሰም።

ልምምዱ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረው የቀበሌ አዳራሽ ተጀመረ። ክራር የሚመታው ፀጉር አስተካካዩ ጀይላን ነው። አስያና ፋጡሜ የሚባሉ ሁለት ልጃገረዶች ከበሮ ይዘዋል። ግማሽ ቁልፎቹ የማይናገሩ አኮርዲዮንም አለ። ድምፃዊቷ ግን ቶይባ ነች።

ቶይባ ገበያ ላይ በርበሬና ሽንኩርት ትሸጣለች። በጨፋ ሸለቆ ሠርግ ያለው ሁሉ ግን በሬውን ከመግዛቱ በፊት እሷን ይይዛል። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ሙሽራውን ከነአጎቶቹ አይታ እዚያው ትገጥማለች። ያለችውን ደግማ አትልም። ሮቢት ላይ የሰማ ሰው ከሚሴ ላይ ያንኑ ዝፈኝልኝ ቢላት «አንተም የሮቢቱን ቀን አምጣልኝ» ትለዋለች።

ሙህዲን ወረቀቱን እያየ አዜመላቸው። ሲጨርስ ቶይባ ጠበቀች። ከዚያ፣

«ዜማውስ?» አለች።

«ይሄው ነው።»

«አያ ሙህዲን፣ ይሄ መልስ ነው። ጥያቄውን ማን ይላል?»

ሙህዲን «ከላይ የመጣው ይሄ ብቻ ነው» አላት። ይህ በዚያን ዘመን ለብዙ ነገር መልስ ይሆን ነበር።

የባሰው ችግር ዕረፍቱ ነው። ሁለተኛ ድምፅ ሁልጊዜ አይሰማም፤ አንደኛው ብቻውን እንዲበራ ዝም የሚልበት ቦታ አለው። በዚህ ወረቀት ላይ ረጃጅም ዝምታዎች ነበሩ። ጓድ ሲራጅ ልምምዱን ሊያይ በመጣበት ቀን ቡድኑ እየዘመረ እየዘመረ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሲራጅ የእያንዳንዱን ፊት በየተራ አየ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ዕረፍት ነው ጓድ» አለ ሙህዲን።

«የምን ዕረፍት? ገና አሁን ጀምራችሁ!»

ሙህዲን ወረቀቱን አቀረበለት። ከመስመሩ ሥር እንደ ጥቁር ጡብ የተንጠለጠሉትን ምልክቶች በጣቱ አሳየው። «ይሄ ዝም በሉ ማለት ነው።»

ሲራጅ ጡቦቹን አተኩሮ አያቸው። በአብዮት በዓል ላይ ዝም ማለት ጥሩ አይደለም። ከላይ የመጣ ዝምታን መጣስም ጥሩ አይደለም። ሁለቱን ሲያመዛዝን ግንባሩ ላብ አወጣ።

«ዝም በሉ ካለ ዝም ትላላችሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ሥራ የፈታ ሰው አትምሰሉ። ዝም ስትሉ ግራ እጃችሁን ጨብጣችሁ አንሡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕረፍቱ እጃቸውን ሰቅለው ቆሙ።

ረመዳን ገባ። ከማምሻው የአስር ሶላት በኋላ አፋቸው ደርቆ፣ ጉልበታቸው ዝሎ ይለማመዳሉ። አንድ ቀን ረጅሙ ዕረፍት ላይ እንደ ወትሮው እጅ ተሰቀለ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ዝንብ ይሰማል። ቶይባ መታገሥ አቃታት።

«እጄ ተሰቅሎ ቀርቶ ጉሮሮዬ ደርቆ፣
ፀሐይቱን ማን ያዛት ጨፋ ላይ አጥብቆ?»

ልጃገረዶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። የጀይላን ጣቶች ሳያስፈቅዱት ክራሩን ነኩ። ሙህዲን ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ግጥሙ ያለቀው ልክ ዕረፍቱ ሲያልቅ ነው። ቡድኑ ተከትሎ ሲገባ፣ ያ መነሻም መድረሻም የሌለው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው መልስ የሚሰጥ መሰለ። ሙህዲን የከፈተውን አፉን ዘጋ።

«ድገሚው» አላት።

ቶይባ ስለ ጀይላን መቀስ ሌላ ግጥም አለች።

«እሱን አይደለም፣ የፊቱን።»

«ያማ ሄደ» አለች።

ሙህዲን በዚያ ሰሞን የቶይባን ዜማ በኖታ ሊይዘው ሞከረ። እሷ በዘፈነች ቁጥር ይጽፋል፣ እንደገና በዘፈነች ቁጥር ይሰርዛል። አንድ ጊዜ ከፍ ብላ ትነሣለች፣ አንድ ጊዜ ከታች ጀምራ ትንጠላጠላለች፤ ማረፊያዋ ብቻ አይዛነፍም። በኋላ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ማዳመጥ ያዘ።

ነገሩ ለጓድ ሲራጅ መነገር ነበረበት። ሲራጅ ሰምቶ «ወረቀቱ ላይ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም። አትዝፈኑ አይልም ግን።»

«እሺ፣ የምትለው ግጥም አስቀድሞ ለእኔ ይቅረብና ይጽደቅ።»

«ወላሂ፣ ገና ያላልኩትን ምኑን ላቅርብልህ?» አለች ቶይባ።

ሲራጅ እውነቷን እንደሆነ አየ። እንደገና አሰበና፣ እሷ ትበል፣ እሱ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ ብላ ስትጨርስ ያጽድቅ ተባለ። በዚህም መሠረት ቶይባ ግጥም በጨረሰች ቁጥር ጓድ ሲራጅ አንድ ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። ያላጸደቀው ግጥም አልነበረም፤ ጊዜውም አይበቃም።

ከኢድ በኋላ ከሚሴ ላይ ለሙከራ ቀረቡ። ከሸለቆው ማሽላ ጥበቃ ላይ የነበረው ሳይቀር መጥቶ ነበር። መጀመሪያ ሰው በአክብሮት አዳመጠ፤ የመንግሥት ነገር እንዲህ ነው ብሎ። ሁለተኛው ዕረፍት ላይ ቶይባ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ስትገጥም ግን «ዹጋ! እውነቷን ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፣ ጭብጨባውም ተነሣ። ሙህዲን ከመድረኩ ጎን ቆሞ፣ እናቱ በሕይወት ብትኖር መቼ እንደተጀመረ ይገባት ነበር ብሎ አሰበ።

በመስከረም ደሴ ላይ የከተሞቹ ውድድር ነበር፤ ደሴ ተወረደ አይባልም፣ ይወጣል። በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭነው ወጡ።

ውድድሩ ላይ ሁሉም ከተማ ያንኑ መዝሙር ይዞ መጥቷል። መጀመሪያ የቀረበው የደሴ ቡድን ከነትራምፔቱ ነው። ሙህዲን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ አንደኛውን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። ቀጥ ያለ፣ ብሩህ ዜማ ነው። የእሱ ወረቀት ዝም በሉ በሚልበት ቦታ ሁሉ፣ ዜማው ያለውን ውበት በሙሉ ያወጣዋል። ዝምታው ለማን እንደተተወ ገባው።

ሲራጅም የእነሱ የተለየ መሆኑን ሰምቷል። ፊቱ ዐመድ መስሎ መጣ።

«ሙህዲን፣ የእኛ ሌላ ነው!»

«ያው ነው ጓድ። ሌላው ጎኑ ነው።»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«እኛ የተላከልንን ነው የያዝነው» አለ ሙህዲን።

ከሚሴ ተጠራች። ዘመሩ። አዳራሹ መጀመሪያ ተንሾካሾከ፣ ቀጥሎ ግራ ተጋባ። ዕረፍቱ ሲደርስ ቶይባ፣ ከየአገሩ መጥተው አንድ ቤት ስላንኳኩ እንግዶች አንድ ግጥም አወጣች። ከላይ ከሰገነቱ አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጓድ ሲራጅ በደንብ አላየም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ሲጨርሱ የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ መነጽር ያደረጉ ሙዚቃ የተማሩ ሰው፣ አስጠሯቸው።

«መዝሙሩን ማነው የለወጠው?»

ሲራጅ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሰውየው በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«አንድም ኖታ አላጎደሉም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ይህንን ብቻ የላከላቸው ማነው?» አሉ። ዳኞቹ ሁሉ በየፊናቸው የሚያነቡት ነገር አገኙ።

ሰብሳቢው ሙህዲንን አፉ ላይ አዩት። «ትራምፔት ነህ?»

«ነበርኩ።»

«ሁለተኛ?»

«ሁለተኛ።»

ሰውየው ወረቀቱን መለሱለት። «እኔም ሁለተኛ ቫዮሊን ነበርኩ» አሉና፣ መዝጊያው ላይ የደሴና የከሚሴ ቡድኖች አብረው እንዲጫወቱ አዘዙ።

አብረው ተጫወቱ። አንደኛው ከላይ፣ ሁለተኛው ከሥር ሆኖ ሲገጥም፣ ሙህዲን በሕይወቱ ሙሉ ከውስጥ ሆኖ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሰማው። እንዲህ ነበር እንዴ? ዐይኑ እርጥብ ሆነ፤ መሐረብ ስላልያዘ የጀይላንን የክራር መጥረጊያ ተጠቀመ።

ከዚያ ዕረፍቱ ደረሰ። ቶይባ አፏን ከፈተች፣ የደሴው ትራምፔት ቀድሞ ገባ፣ ቦታውን ሞላው። ቶይባ አፏን ዘጋች። እንደ መመሪያው ግራ እጇን ጨብጣ አነሣች።

ከሚሴ «ለተሰጣት መመሪያ ባሳየችው ታማኝነት» የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ጓድ ሲራጅ በመልስ ጉዞ ከሾፌሩ ጎን ገብቶ፣ ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ሁለት እጁ ላይ ዘርግቶ ይዞ ሄደ። ደስ ብሎታል፤ በጊዜው ታማኝ መባል ከአንደኛ መባል ይሻላል።

ሌሎቹ ከኋላ ተጭነዋል። የደሴን ቁልቁለት እስኪጨርሱ ቶይባ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ተቀመጠች። ኮምቦልቻን ካለፉ በኋላ ሙህዲን ጠጋ አላት።

«ቶይባ፣ ተቀየምሽ?»

«ኧረ ምን ያስቀይመኛል። አምሮ ነበር፣ ማሻ አላህ። ሞልቶ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሞልቶ ነበር ነው የምልህ። ሠርግ ቤት ሄደህ ሰው ሞልቶ መቀመጫ ስታጣ ምን ታደርጋለህ? ከበር ላይ መርቀህ ትመለሳለህ።»

ሙህዲን አቀርቅሮ መንገዱን አዳመጠ።

«የራስሽን ዝፈኚ» አላት።

ቶይባ ወደ ሸለቆው አየች። ከዚያ በባቲ ቅኝት አንድ የሠርግ ዜማ ጀመረች፤ ጀይላን በሚንገጫገጨው መኪና ላይ ክራሩን አስተካክሎ ተከተላት። ሙህዲን ጥርሱን ካጣ ወዲህ ወረቀት ከማስጠናት በቀር ሰው ፊት አዚሞ አያውቅም፤ በየድምፁ መሐል አየር ያመልጠዋል። ቢሆንም በወፍራሙ ከሥሯ ገባ።

ቶይባ አቋረጠች። «ምንድነው የምትለው?»

«ምንም። ከሥርሽ ነኝ። ቀጥዪ።»

«የምሄድበትን እኮ እኔም አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። ቀጥዪ።»

ቀጠለች። እሱ መጀመሪያ ሳታት፣ እንደገና ሳታት፣ ከዚያ ያዛት። እሷም መያዟን ስታውቅ ሆን ብላ በሌላ በኩል ታጠፈች፤ ሳቀች፤ እሱም እያፏጨ ተከተላት። ልጃገረዶቹ የመኪናውን ሳንቃ እንደ ከበሮ መቱት።

ሀርቡ መግቢያ ላይ ሾፌሩ ሞተሩ የማያውቀውን ወፍራም ድምፅ ከሥር አሰማ ብሎ መኪናውን አቆመ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ ብዙ ፈለገ። ሞተሩ ደህና ነበር።