ሃያ ዓመት የቀደሙ ጫማዎች

ካርታው የአዳራሹን ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸፍኖታል። ከተማው በሙሉ ሸራ ላይ ታትሞ ተነጥፏል፤ ወንዙ ክንድ የሚያህል ሰማያዊ፣ ኮረብታው ቡናማ። በላዩ መቶ ያህል ጥንድ ጫማ ተቀምጧል። ባለቤቶቹ በባዶ እግራቸው ዳር ዳሩን ወንበር ይዘዋል።

ደንቡን ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው መሃንዲስ አስረድታለች። እያንዳንዱ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ መኖር በሚፈልግበት ቦታ ጫማውን ያኖራል፤ ከሰገነቱ የካርታው ፎቶ ይነሳል፤ የከተማው እቅድ በዚያ ይነደፋል። ጫማ በበዛበት ውኃና ትምህርት ቤት ይገባል። ጫማ ያልተገኘበት ሰፈር ይነሳል።

ከሴት ልጇ ጋር የመጣች አንዲት ልብስ ሰፊ ይህን ሰማች። የፈሩት ይደርሳል እያለች ከወንዙ ዳር የመጡትን ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ቃል አስገባች፤ ሁሉም ጫማውን ከየደጃፉ ላይ እንዲያኖር።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ሳይዘንብ ጃንጥላ የሚዘረጉ ሰው ነዎት» ብሎ ሾፌሩ ጎረቤቷ ሳቀባት። «ይሄን ቀዳዳ ጫማ ከእኛ ሰፈር ሌላ ማን ያስገባዋል?»

ቢሆንም አኖረው። በዓይኗ አይታለች።

ከዚያ መብራት ጠፋና የወደፊቱን ከተማ የሚያሳይ ፊልም ተከፈተ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጇ በጨለማው እጇን እንደያዘች ነበረች።

መብራቱ ሲመለስ የወንዙ ዳር ባዶ ነው።

ጫማዎቹ ኮረብታው ላይ ናቸው። የሾፌሩም፣ የልጇም። ከልጇ ጫማ ጎን ተረከዙ ባንድ ወገን የተበላ ጥቁር ጫማ አለ፤ የራሷ። አፍንጫው ወደ ላይ ዞሯል፣ ዳገት እንደጀመረ ሰው።

«አንቺ ልጅ፣ ጫማዬን አነሳሽው እንዴ?»

«በየትኛው እጄ፣ እማ? በአንዱ አንቺን ይዣለሁ፣ በአንዱ እያዛጋሁ አፌን።»

ሾፌሩን አየችው። አቀርቅሮ ወለሉን ያያል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል። ፊታቸው ላይ ቃሉን ያፈረሰ ሰው እፍረት የለም፤ ያለው ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የት እንዳለ የጠፋው ሰው ድንግርታ ነው።

«ከፎቶው በፊት ቦታውን የሚያስተካክል አለ?» አለች መሃንዲሷ ከሰገነቱ።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን የምታስቀምጥበትን መስኮት አሰበች። አንድ ጥንድ ጫማ ሰፈር ያድናል? ደግሞስ ጫማው እሷ የማታውቀውን ነገር አውቆ ቢሆንስ? ወንዙን አውቆ፣ ልጇን ይዛ የምትሰምጥበትን ቀን አውቆ ቢሆንስ?

ተነሳች። ጫማዋን ልትነካው ፈራች። በባዶ እግሯ ሸራውን ረግጣ ወረደችና ደጃፏ ላይ ቆመች። እዚያ ጋ ወለሉ ይቀዘቅዛል።

«እማ፣ ተመለሺ» አለች ልጇ ቀስ ብላ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው?» አለች መሃንዲሷ ካሜራውን እያስተካከለች። «ላንሳው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ስትከፍት ከበስተኋላዋ፣ ከኮረብታው በኩል፣ ሸራው ኮሽ አለ። ዝም አለ። ደግሞ ኮሽ አለ፤ አሁን ቀረብ ብሎ። የሰው እግር ይሁን ባዶ ጫማ መለየት አልቻለችም። ዞራም አላየች።

«ቆዪ» አለች፤ «ገና ነው።»