የዋሂሉ ባል

የኑኃሚን ባል ግሩም ካናዳ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። በድሬዳዋ፣ በሳቢያን ሰፈር ዕድር መዝገብ ግን የሚኖረው ዋሂል ነው። ዋሂል ያስቀመጠችው ራሷ ኑኃሚን ናት፤ ምክንያትም ነበራት።

የዕድሩ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ «ከድሬዳዋ አስተዳደር ውጭ የሚኖር አባል ይሰረዛል» ይላል። መሰረዙስ ባልከፋ። የተሰረዘ ሰው ስም ግን በወሩ ስብሰባ ላይ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ በወሩ ከሞቱት ስም ቀጥሎ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ኑኃሚን ባሏን በሸኘች በሁለተኛው ሳምንት ይህን የምትሰማበት ልብ አልነበራትም። የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ተሰማ ብዕራቸውን አንሥተው «ግሩም የት ነው?» ሲሏት «ዋሂል፤ ሥራ አግኝቶ» አለች። ዋሂል ገጠር ቢሆንም የድሬዳዋ አስተዳደር ነው። ጋሽ ተሰማ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ የተነገራቸውን ይጽፋሉ። ጻፉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኑኃሚን ውሸት ግን እያደር የጨመረው ወጪው ነው። ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ሃምሳ ብር ይቀጣል፤ ዋሂል ያለ ሰው ደግሞ ተሳፍሮ መምጣት እንጂ ምን ሰበብ አለው? ሰው በሞተ ቁጥር የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ፋዱማ «ግሩም ዛሬም ዋሂል?» ትላለች። «ዛሬም ዋሂል» ትላለች ኑኃሚን። ሃምሳ ብር ትሰጣለች፣ ደረሰኝ ትቀበላለች። በአራት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ።

ከዚያ ከካናዳ ደብዳቤ መጣ። ግሩም ሚስቴን ልውሰድ ብሎ ያመለከተበት መሥሪያ ቤት ጋብቻው እውነተኛ ለመሆኑ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስረጃ ይፈልጋል። የሠርግ ፎቶ አልበቃውም። ባልና ሚስት ኪሳቸው አንድ መሆኑ ይታይ ነው የሚለው፤ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በሁለቱም ስም የተዋዋሉት ቤት፣ ኢንሹራንስ። ኑኃሚን ደብዳቤውን ይዛ ከዚራ ሰፈር፣ ቅጽ በመሙላት የሚተዳደረው አብዲቃድር ዘንድ ሄደች።

«የጋራ ሒሳብ አላችሁ?» አለ አብዲቃድር።

«የለንም።»

«ብር እንዴት ነው የሚልክልሽ?»

«በሰው። ይደውሉልኛል፣ ሄጄ እቀበላለሁ።»

«ደረሰኝ?»

«የጥቁር ገበያ ብር ምን ደረሰኝ አለው?» እሱም የድሬ ልጅ ነውና ገብቶት አለፈው።

«የቤት ኪራይ ውል?»

«የምኖረው እናቴ ቤት ነው።»

«አቦ፣ እናንተ ግን ተጋብታችኋል?»

ኑኃሚን ተናደደች። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ ለብቻዋ ስትሄድ የኖረች ሴት እንዲህ አትባልም።

«ኢንሹራንስስ?» አለ አብዲቃድር ቶሎ ብሎ።

«እኔ ምን ኢንሹራንስ አለኝ? ያለኝ ዕድር ነው።»

«በማን ስም?»

«በሁለታችን።»

«ማን ይከፍላል?»

«እኔ። እሱ ከሚልከው።»

አብዲቃድር ከወንበሩ ብድግ አለ። «ወላሂ፣ ኢንሹራንስ ማለት ይሄ ነው! ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪ። የአራት ዓመት ክፍያ፣ የሁለታችሁም አድራሻ ይጻፍበት።»

አድራሻ ሲል ኑኃሚን ዋሂል ትዝ አላት። ደብዳቤው ግሩም ዋሂል ነው ካለ፣ ካናዳ ሆኖ ያመለከተው ማን ሊሆን ነው? ካናዳ ነው ካለ ደግሞ ዕድሩን አራት ዓመት ዋሽታለች፤ የዋሸ አባል ከነቤተሰቡ ይወጣል። ቤተሰቧ እናቷ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ወይ ባሏን ልታጣ ነው፣ ወይ እናቷን ያለ ቀባሪ ጥላ ልትሄድ ነው። ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም።

እሑድ ከስብሰባው በፊት የዕድሩ ዕቃ ቤት ገባች። ጋሽ ተሰማ በድንኳኑ ጥቅልና በብረት ድስቶቹ መሐል መዝገባቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፋዱማ በካርቶን ቁራጭ ራሷን ታራግባለች።

«ጋሽ ተሰማ፣ የዋሸሁት ነገር አለ።»

«ተቀመጪ።»

«ግሩም ዋሂል አይደለም። ካናዳ ነው።»

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «አውቃለሁ» አሉ። «ሻንጣውን ባጃጅ ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ።»

«አቦ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል» አለች ፋዱማ። «የማያውቁት የዋሂል ሰዎች ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«ዋሂል አልሽ፣ ዋሂል ጻፍኩ። ዐይንሽ አብጦ ነበር። ካናዳ ብዬ ብጽፍ ስሙን ፊትሽ የማነበው እኔ ነኝ።»

ኑኃሚን የካናዳውን ደብዳቤ ከፈተችና የተፈለገውን ነገረቻቸው። ጋሽ ተሰማ መዝገቡን በመዳፋቸው አበስ አደረጉት። ሃያ ሁለት ዓመት ስርዝ ድልዝ ያልነካው መዝገብ ነው፤ ከልጆቻቸው በላይ ይመኩበታል። ከዚያ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳቡና ጽፈው ሲጨርሱ አነበቡላት።

«ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ ግሩም እና ባለቤታቸው ወይዘሮ ኑኃሚን የዕድራችን አባላት ናቸው። አቶ ግሩም የሚኖሩት ካናዳ ነው። በመዝገባችን ዋሂል መባሉ ስሕተት ሲሆን፣ ስሕተቱ የጸሐፊው ነው። ወርኃዊ መዋጮውን ወይዘሮ ኑኃሚን አቶ ግሩም ከሚልኩት ገንዘብ ሳያጓድሉ ከፍለዋል። አቶ ግሩም በሠላሳ አንድ ቀብር ላይ አልተገኙም። ለእያንዳንዱ ቀብር ባለቤታቸው ሃምሳ ብር ተቀጥተዋል። በአካል ለሌለ ሰው ይህን ያህል የከፈለ አባል ዕድራችን አያውቅም።»

«አንቀጽ ዘጠኝስ?» አለች ፋዱማ።

«አንቀጽ ዘጠኝ የሚሠራው ጉባኤው ሲሰማ ነው። ይህ የሚነበበው ካናዳ ነው።»

«የተሳሳተ መዝገብ የጻፈ ጸሐፊስ?»

«አንቀጽ ዐሥራ አራት። ሃምሳ ብር።» ጋሽ ተሰማ ከኪሳቸው አውጥተው ለፋዱማ ሰጡ። ደረሰኙን ራሳቸው ቆረጡ፣ ራሳቸው ፈረሙ፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ደብዳቤው በተላከ በሦስተኛው ወር ከካናዳው መሥሪያ ቤት ደውለው ኑኃሚንን በአስተርጓሚ ጠየቋት። ስለ ሠርጉ ምንም አላሉም። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ባልሽ ለቀረበት ቀብር አንቺ ለምን ትቀጫለሽ? አብዲቃድር ያስጠናት መልስ ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ።

«ካልከፈልኩ ይሰርዙታላ!» አለች።

አስተርጓሚው ይህን ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አይታወቅም። ቪዛው መጣ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት የዓመት መዋጮ ይዛ ዕቃ ቤቱ ገባች። «እናቴን በራሳቸው ስም መዝግቡልኝ» አለች። «እኔንና ግሩምን ሰርዙን። ይነበብም። ደንብ ነው።» እየተለማመደችው ነው የመጣችው።

ጋሽ ተሰማ ብዕራቸውን አነሡ። «የት ነው የምትሄጂው?»

«ጋሽ ተሰማ፣ ያውቃሉ እኮ።»

«የማውቀውን አልጽፍም። የተነገረኝን ነው።»

ፋዱማ ፊቷን አዙራ የድንኳኑን ገመድ መቁጠር ጀመረች። ኑኃሚን እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ዋሂል» አለች።

«ከባልሽ ጋር?»

«ከባሌ ጋር።»

ጋሽ ተሰማ ጻፉ።

«እናቴ ቢሞቱስ?» አለች ኑኃሚን። «ባልደርስስ?»

«እኛ እንቀብራቸዋለን። አንቺ ትቀጫለሽ።»

ኑኃሚን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዓመቱ መዋጮ ላይ የሁለት ሰው ቅጣት የሚሆን መቶ ብር ጨምራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የጋሽ ተሰማን ትከሻ ስማ ወጣች።

ጋሽ ተሰማ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳብሰው የአንቀጽ ዐሥራ አራትን ሃምሳ ብር አወጡና ለራሳቸው ደረሰኝ ቆረጡ።